የቤተ መጻሕፍት ቀለብ



ከወልድያ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ ሲሪንቃን አልፎ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ መርሳ ይደርሳል። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገዱን ሲቀጥል ውርጌሳን፣ ውጫሌን፣ ከዚያም ሐይቅን ያገኛል። በዚህ መንገድ ዳር ከተቆረቆሩት ከተሞች ትምህርት ቤት የሌለው የለም። ትምህርት ቤት ካለ ኮሚቴ አለ፤ ኮሚቴ ካለ ደግሞ መዋጮ አለ። ነጋዴው በደረሰኝ፣ ገበሬው በቁና ማሽላና ጤፍ፣ ዕድሩ ከሣጥኑ ቀንሶ፣ በጅዳ፣ በሪያድና በቤይሩት ደፋ ቀና የሚሉት ልጆች ደግሞ ከደመወዛቸው ቆጥበው የድርሻቸውን ያደርጋሉ። መዋጮ ከሚጠየቅባቸው ሥራዎች አንዱ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው።

የአካባቢው ሕዝብ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ እጁን የሚያጥፍ አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን እያየን ዝም የምንለው አንድ ነገር አለ። ቤቱ ይሠራል፤ ቆርቆሮው ይመታል፤ በምረቃው ቀን እንግዶች ይጋበዛሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው በር ያለፈ ሰው ግን በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። ቁልፉ የት እንዳለ ሲጠይቅ «አስተማሪው ክፍል ገብቷል» ይባላል። መጽሐፍ የሚያውሰው ሰው ሌላ መደበኛ ሥራ ያለው፣ ይህን በትርፍ ሰዓቱ እንዲሠራ የታዘዘ መምህር ነውና። መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ከምረቃው ቀን ወዲህ አልጨመሩም። ምስጡና አይጡ ግን ጨምረዋል።

ይህ ለምን ይሆናል? ሕዝቡ ለትምህርት ፍቅር ስለሌለው ነው እንዳንል፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ያዋጣው እሱ ነው። ድህነት ነው እንዳንልም፣ ከዛሬው እጅግ በባሰ ድህነት ውስጥ የነበሩ አባቶቻችን ለመቶ ዓመታት ያልተዘጉ የመጻሕፍት ቤቶች ነበሯቸው። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ተመልሰን የራሳችንን ታሪክ መጠየቅ ይኖርብናል።

ደረሳውን ማን ያበላው ነበር?

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት በየጁም ሆነ በቀረው ወሎ ትምህርት ነበር። ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን በእንጨት ሉህ ላይ እየጻፈ ቁርአንን ይቀራል። ሉሁ ሲሞላ ይታጠባል፤ እንደገና ይጻፍበታል። ቁርአኑን አኽትሞ ልቡ ወደ ዒልም ያዘነበለ እንደ ሆነ ኪታብ ወደሚያስቀሩ ሸሆች ይሄዳል። አንዱ ሸኽ በፊቅህ፣ ሌላው በነሕው፣ ሦስተኛው በተፍሲር የታወቀ በመሆኑ ደረሳው ከቀዬ ቀዬ እየተዘዋወረ ይቀራል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የተመሠረተችው ጀማ ንጉሥ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰይድ ቡሽራ መቀመጫ የነበረችው ገታ፣ በየጁ ደግሞ ዳና፣ ከሩቅም ከቅርብም ሰው የሚጎርፍባቸው የቂርአትና የዚያራ ማዕከላት ለመሆን የበቁት በዚህ መንገድ ነው። ይህን ታሪክ በሰፊው ያጠኑት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር የነበሩት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ናቸው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ነበረው የወሎ ኢስላም የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል።

በዚያ ዘመን ኪታብ ውድ ነገር ነበር። በአካባቢው ማተሚያ ቤት የለም፤ ከሐጅ መልስ ከባሕር ማዶ የሚመጣውም ጥቂት ነው። የሚንሃጅን ወይም የአልፊያን ቅጂ የፈለገ ደረሳ ከሸኹ ይዋሳል፤ ከጥላሸትና ከሙጫ ቀለም ይበጠብጣል፤ የሸንበቆ ብዕር ይቀርጻል፤ ከዚያም ለወራት ቁጭ ብሎ ይገለብጣል። ስለዚህ ደረሳው ተማሪ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊም ነበር። ቂርአቱን ሲጨርስ በልቡ ከያዘው ዒልም ጋር በእጁ የገለበጣቸውን ኪታቦች ተሸክሞ ወደ አገሩ ይገባል። እዚያም በተራው ማስቀራት ይጀምራል። የአንዱ ሸኽ የመጻሕፍት ቤት በሌላ ቀዬ ቅርንጫፍ አወጣ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው። አንድ ደረሳ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በቂርአት ላይ ሊቆይ ይችላል። ታዲያ ያን ያህል ዓመት ማን አበላው? ያበላው የአካባቢው ገበሬ ነው። ገበሬው ከአውድማው ሲመለስ ዘካውን ያወጣል፤ እናት ከጋገረችው ለደረሳው ድርሻ ታስቀምጣለች፤ ደረሳውም በትርፍ ጊዜው የሸኹን እርሻ ያግዛል፣ እንጨት ይለቅማል። በክርስቲያኑ ወገን ያለው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነበር፤ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ዜማውንና ቅኔውን ተምሯል። ለሁለቱም ቀለብ የሚያወጣላቸው ያው አንድ ዓይነት ገበሬ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ለደረሳው ማደሪያ ጎጆ መሥራት የአንድ ቀን ደቦ ነው። ቀለቡ ግን የየዕለት ነው። ወሎዬው ለዘመናት የተሸከመው ያንን የየዕለቱን ሸክም ነበር። ጎጆው ቢቃጠል በሳምንት ይተካል። ቀለቡ ሲቋረጥ ግን ደረሳው ይበተናል፤ ከደረሳው ጋር ኪታቡም ይሄዳል። ከ1880 እስከ 1884 በዘለቀው ክፉ ቀን፣ ኋላም በ1966 እና በ1977 ወሎን በመታው ረሀብ ገበሬው ለራሱ የሚቀምሰው ሲያጣ ለደረሳም ሆነ ለቆሎ ተማሪ የሚሰጠው ከወዴት ይመጣል? የቂርአት ቤት የሚፈርሰው ግድግዳው ሲወድቅ ሳይሆን ምጣዱ ሲቀዘቅዝ መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳየናል።

የሐይቅ መዝገብ

ከመርሳ ወደ ደቡብ ሲኬድ በሐይቁ ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሌላ ምስክርነት ይሰጠናል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዳሙ አበምኔት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤት አቋቁመው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። በስማቸው የሚታወቀው የአራቱ ወንጌል የብራና መጽሐፍ ዛሬም አለ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። በአገራችን ከሚታወቁት የመጻሕፍት መዝገቦች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው።

ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት የነበሩ ሰዎች የመጻሕፍታቸውን ስም አንድ በአንድ መዝግበው መያዛቸው ለምን ይደንቀናል? የሚቆጥር ሰው ባለበት የሚጠብቅ ሰው አለና ነው። የሚጠብቅ ሰው ባለበት ደግሞ የጠባቂውን እንጀራ የሚሰጥ አለ። ገዳማቱ መሬት ነበራቸው፤ ከመሬቱ የሚገኘው እህል መነኩሴውን፣ ጸሐፊውንና ዕቃ ቤት ጠባቂውን ይመግብ ነበር። መንገዱ ከሸሆቹ ይለያል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። በሁለቱም ዘንድ መጽሐፉ ከኋላው የማይቋረጥ ቀለብ ነበረው።

በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ቤት

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው ምሳሌ የሚገኘውም በዚያው በወሎ ምድር፣ በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት ያሰባሰቧቸውን እጅግ ብዙ የብራና መጻሕፍት በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አከማችተው ነበር። በዘመኑ በአገሪቱ ይህን የሚያህል የመጻሕፍት ክምችት በአንድ ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሆኖም ያ ሁሉ ሀብት የቆመው በአንድ ንጉሥ ኃይል ላይ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሽጉጣቸውን ጠጥተው አለፉ። ከጦሩ ጋር አብሮ የዘመተ፣ ጥንታዊ ዕቃ እንዲሰበስብ በብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ባለሙያ ነበር። ከመቅደላ የተዘረፈውን ንብረት ለመጫን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ በታሪክ ተመዝግቧል። ደላንታ ሜዳ ላይ ዝርፊያው በሐራጅ ተሸጠ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት በመጨረሻ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1870፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘዘ። ብዙ ሸሆች ወደ ቆላና ወደ ጠረፍ ተሰደዱ፤ እንደ ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉት ደግሞ በግልጽ ተቃወሙ። ያ ጊዜ ለቂርአት ቤቶች መራራ ነበር። ይሁን እንጂ የወሎ ኪታቦች በዚያ ፈተና ጨርሰው አልጠፉም። ሁሉም በአንድ አምባ ላይ አልተቆለሉማ! ደረሳው ለዘመናት የበተናቸው ቅጂዎች በየቀዬው፣ በየሸኹ ቤት፣ በየቆዳ ከረጢቱ ነበሩ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። መቅደላ በአንድ ቀን የተራቆተችው ግን መጻሕፍቱ የብዙ ሰው ሳይሆኑ የአንድ ኃያል ሰው ሀብት ስለነበሩ ነው።

ወቅፍ ያስተማረው

በኢስላም ታሪክ ይህን የቀለብ ጉዳይ መልክ ያስያዘው ሥርዓት ወቅፍ ነው። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር መልካም መሬት አግኝተው ምን እንደሚያደርጉበት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባማከሩ ጊዜ፣ ዋናውን ንብረት እንዲይዙትና ፍሬውን ለበጎ ሥራ እንዲያውሉት መመከራቸው የታወቀ ነው። መሬቱ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም፤ ከመሬቱ የሚገኘው ምርት ግን በየዓመቱ ለድሃው፣ ለመንገደኛው፣ ለእንግዳው ይውላል። የሚቆጣጠረው ናዚር ይሾምለታል፤ ናዚሩም ከምርቱ በልኩ እንዲመገብ ይፈቀድለታል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን የጠባቂው እንጀራ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥርዓቱ ውስጥ መታሰቡን የምትነግረን እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ በሙስሊሙ ዓለም መስጊዱ፣ መድረሳው፣ ሆስፒታሉና የመጻሕፍት ቤቱ የቆሙት በዚህ መንገድ ነው። አንዱ መድረሳ ሲሠራ ሌላው ሱቅ፣ ወፍጮ ወይም የአትክልት ቦታ ወቅፍ ያደርግለታል። ከሱቁ ኪራይ መምህሩ ደመወዝ፣ ደረሳው ዳቦ፣ ገልባጩ ወረቀትና ቀለም፣ መብራቱ ዘይት ያገኛል።

ከዚህ ዳቦ የእኛም ሰዎች በልተዋል። በካይሮ አል-አዝሀር ከየአገሩ ለሚመጡ ደረሶች የተለያዩ ሪዋቆች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ከሐበሻና ከአካባቢው ለሚመጡት የተሰጠው የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነው። በዚያ ያረፉ ደረሶች ከወቅፍ በሚገኝ ገቢ ዳቦ ይቆረጥላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825 የኖረው ታላቁ የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዚሁ ሪዋቅ ሸኾች ከነበሩ ቤተሰብ ተወለደ። ዘሩ ከኛ አካባቢ፣ ዳቦው ከካይሮ ወቅፍ፣ ብዕሩ ለግብጽ ታሪክ! አንድ ስሙ ያልታወቀ ባለ ሱቅ ከዘመናት በፊት ለመጻተኛ ደረሳ የተወው ኪራይ እስከ የት እንደሚደርስ ከዚህ ይታያል።

በአገራችን ገጠር ወቅፍ በዚያ ስፋት በጽሑፍና በዳኛ ፊት ተመዝግቦ አልቆየም። የወሎ ገበሬ ያልተጻፈ ወቅፍ ነበረው ብንል ግን አልተሳሳትንም። በየዓመቱ ሳያቋርጥ የሚያወጣው እህል ያንኑ ሥራ ሠርቷል።

ገመዱ የተበጠሰበት ጊዜ

ይህ የቀለብ ገመድ በዘመናችን በሁለት ምክንያት ላልቷል። አንደኛው መሬትና ቤት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆኑ ታወጀ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣው ነፃነት ትልቅ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። በሌላ በኩል ግን ገዳማት መሬታቸውን፣ መስጊዶች የሚያከራዩዋቸውን ቤቶች አጡ። የመጽሐፍ ጠባቂው እንጀራ ይመጣበት የነበረው ምንጭ ደረቀ፤ በምትኩ ሌላ ምንጭ አልተቆፈረም።

ሁለተኛው፣ ትምህርት የመንግሥት ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ሚሊዮኖችን ከመሃይምነት አወጣ፤ በዓለም አቀፍ ደረጃም ተሸለመ። ማንበብ የቻለው ገበሬ እንዳይረሳ በየገጠሩ የንባብ ቤቶች ተከፈቱ። ብዙ ወላጆቻችን በኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠሩት ያኔ ነው። ነገር ግን ንባብ ቤቶቹ የተያያዙት ከዘመቻው ጋር ነበር። ዘመቻው ሲቀዘቅዝ፣ ኋላም ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ የሚጠብቃቸውና አዲስ መጽሐፍ የሚጨምርላቸው ባለቤት በማጣት አብዛኞቹ ተዘጉ። ከመቅደላ ጋር ያለውን ተመሳሳይነት አንባቢ ራሱ ይመዝነው።

ከላይ ለሚመጣ ነገር ከታች ባለቤት ካልተገኘለት ዕድሜ እንደማይኖረው የተረዱ ሰዎችም አልጠፉም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። ለኢትዮጵያ ሕፃናት በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ አለመኖሩ ቆጫቸው። አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሀዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። እኒህ ሰው በሙያቸው የመጽሐፍ ጠባቂ ነበሩ። መጽሐፍ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቁ ስለነበር ከግድግዳው ይልቅ መጽሐፉን ወደ ልጁ የሚያደርሰውን ሰውና አህያ አስቀደሙ።

የ2013 እና የ2014 ፈተና

ከዚያ የሰሜን ወሎን ትምህርት ቤቶች የሚያውቅ ሁሉ የሚያስታውሰው ጊዜ መጣ። ጦርነቱ በ2013 ክረምት ወደ አካባቢው ዘልቆ፣ ከነሐሴ ወር 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች፤ ሀብሩና መርሳም የጦር ሜዳ ሆኑ። ሰው ሞተ፤ ቤተሰብ ተሰደደ። ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ተዘረፈ፤ በ2004 ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከዘረፋው አልዳነም። የተማሪ ወንበር ለማገዶ ሲውል የመጽሐፍ ገጽ ምን ሊውል እንደሚችል መናገር አያሻም።

ወልድያ ነፃ በወጣች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ በአዲስ አበባ ታላቁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። ለዋና ከተማዋ ይህ መልካም ነው። ግን በዚያች ዕለት ወደ መርሳ ወይም ወደ ውርጌሳ ትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ያገኘው ባዶ መደርደሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህም ቢሆን አካባቢው ፋታ አላገኘም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሚሊዮኖች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል።

የእኛን የሚመስል ፈተና የደረሰበት ሌላ ከተማ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች በማሊ የምትገኘውን ጥንታዊቷን ቲምቡክቱን ያዙ። ከተማዋ ከዘመናት ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኪታቦች የሚገኙባት ናት። ታጣቂዎቹ በ2013 መጀመሪያ ሲወጡ በመንግሥት ማዕከል ያገኟቸውን ብዙ ኪታቦች አቃጠሉ። ነገር ግን አብዛኛው ሀብት ተረፈ። የተረፈው በቤተሰብ እጅ ስለነበር ነው። ዐብዱል ቃድር ሐይደራ የተባሉት ባለ ኪታብና ባልንጀሮቻቸው ኪታቦቹን በብረት ሣጥን እያሸጉ፣ በሌሊት በየዘመዱ ቤት እየደበቁ፣ በመኪናና በኒጀር ወንዝ ጀልባ ወደ ባማኮ አሸሹዋቸው። ታጣቂው የተቋሙን በር ሰበረ፤ ኪታቡን እንደ ልጁ የሚቆጥረውን ሰው ግን ሊያገኘው አልቻለም። የወሎ ሸሆች ኪታባቸውን በ1870 ያተረፉበት መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ዛሬ እንደገና ኮሚቴ እየተቋቋመ፣ እንደገና መዋጮ እየተጠየቀ ነው። መንግሥትም ከ2015 ጀምሮ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ሕዝቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ጥሪ አድርጓል። መልካም ነው። እኛም እንደ አቅማችን ስንሰጥ ግን ከላይ ያየነውን ታሪክ ይዘን ብንሰጥ ይበጃል እንላለን።

አንደኛ፣ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ሁሉንም በግድግዳና በቆርቆሮ ላይ አናውል። አንድ ኮሚቴ 1,000,000 ብር ሰበሰበ እንበል። ሁሉንም አውጥቶ ሰፊ አዳራሽ ቢሠራ በምረቃው ማግሥት ሣጥኑ ባዶ ነው። በ600,000 ብር መጠነኛ ክፍል ሠርቶ፣ በቀሪው በመንገዱ ዳር የሚከራይ ሱቅ ቢሠራ ወይም ወፍጮ ቢተክል ግን በየወሩ የሚገባ ነገር ይኖረዋል። ወልድያና መርሳ በዋናው አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ሱቅ ተከራይ አያጣም። መሬቱ የመንግሥት ቢሆንም ቤቱንና ገቢውን በትምህርት ቤቱ ስም ማድረግ ይቻላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከግቢያቸው ሣርና አትክልት ሸጠው የውስጥ ገቢ ማግኘት ለምደዋል፤ ይህ የዚያ ተጨማሪ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚያ ገቢ መጀመሪያ የሚከፈለው ጠባቂው ይሁን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች በየከተማው አሉ። ከእነሱ አንዷ ከጠዋት እስከ ማታ በሩን ከፍታ ብትቀመጥ፣ የተዋሰውን ብትመዘግብ፣ የተቀደደውን ብትለጥፍ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያን ጊዜ ተከፈተ ይባላል። ቀጥሎ በየዓመቱ ጥቂት አዳዲስ መጻሕፍት ይገዙ።

ሦስተኛ፣ ናዚር ይኑረው። ይህ ናዚር የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሽማግሌዎች፣ ወላጆችና መምህራን ያሉበት ይሁን። ልጆቻችን በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ወሎም አበጋሮቿን ይዛ የሁለቱን ወገን ጉዳይ በአንድ ጥላ ሥር መዳኘት የለመደች አገር ናት። የገባውና የወጣው ሒሳብ በየዓመቱ በሕዝብ ፊት ይነበብ። የሐይቅ መነኮሳት ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት መጻሕፍታቸውን በዝርዝር ከመዘገቡ እኛ የምናመካኘው ምክንያት አይኖርም።

አራተኛ፣ መጻሕፍቱ ከቤት ይውጡ። ጠፋ አልጠፋ ብሎ መጽሐፍን ቆልፎ መያዝ ለምስጥ ማደለብ ነው። ልጁ ይዋስ፤ ቤቱ ይዞ ይሂድ፤ ታናሹም ያንብበው። በየቤቱ የገባ መጽሐፍ ሁሉ ክፉ ቀን ሲመጣ አንድ መሸሸጊያ አገኘ ማለት ነው።

ይህን ስንል የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «ልጆቹ በዳስ ውስጥ እየተማሩ ስለ ጠባቂ ደመወዝ ማውራት ቅንጦት ነው፤ ደመወዝ መክፈል የመንግሥት ፈንታ ነው» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ከንቱ አይደለም። መንግሥት ግዴታውን እንዲወጣ መጠየቅ መብታችን ነው፤ ክፍል በሌለበትም ክፍሉ ይቀድማል። ነገር ግን ገንዘቡ ለቤተ መጻሕፍት ተብሎ ከተሰበሰበ የሚያገለግል ቤተ መጻሕፍት መሆን አለበት። ለተዘጋ በር ከተዋጣ ከዳሱ ልጅም ከአዋጪውም ተቀማ ማለት ነው። ደግሞም ጅዳ ላይ የሰው ቤት አጥባ የላከችው እህታችን የላከችው ለቆርቆሮ አይደለም፤ ታናሽ ወንድሟ እንዲያነብበት ነው። የእሷን ላብ አማና አድርገን ከተቀበልን እስከ መጽሐፉ ገጽ ድረስ ማድረስ ይኖርብናል።

ሶደቀቱል ጃሪያ የሚባለው፣ ሰጪው ካለፈ በኋላም የማይቋረጠው ምጽዋት፣ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ እንደ ውኃ የሚፈስ ነው። የቆመ ውኃ ይበሰብሳል። አባቶቻችን ለጎጆው አንድ ቀን፣ ለቀለቡ ግን በየቀኑ ይሰጡ ነበር። የካይሮው ባለ ሱቅ ለማያውቀው የሐበሻ ደረሳ ዳቦ ትቶ አልፏል። ከወልድያ እስከ መርሳ፣ ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ ለሚነሱት ቤተ መጻሕፍት ድንጋይ ለመጣል የምንሰለፍ ሁሉ ከድንጋዩ አጠገብ የቀለቡን ጉዳይ አብረን እንትከል። የልጅ ልጆቻችን በሩን ክፍት ሆኖ እንዲያገኙት አላህ ይርዳን።